ሥነ ሕይወታዊ አደጋን መረዳትና አስቀድሞ መዘጋጀት

ሥነ ሕይወታዊ አደጋ የሚባለው በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ወይም ከእነርሱ የሚመነጭ መርዝ በሰው፣ በእንስሳት ወይም በሰብል ላይ ተሰራጭቶ ማኅበረሰቡ በራሱ አቅም ሊቋቋመው የማይችለውን ጉዳት ሲያደርስ ነው። የኮሌራ፣ የኩፍኝ፣ የቢጫ ወባና የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኞች በዚህ ይመደባሉ። ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርሱ ሁሉም ያያቸዋል። የሥነ ሕይወታዊ አደጋ መነሻ ግን አይታይም፤ ብዙ ሰው ባወቀው ጊዜ ከአንድ ቤት ወደ ብዙ ቤት ተሻግሯል። በመሆኑም የጉዳቱን መጠን በእጅጉ የሚወስነው በመጀመሪያው ሕመምተኛና በመጀመሪያው ጥቆማ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው።

ሳይታወቅ የሚስፋፋበት ምክንያት

ተሕዋስያኑ ወደ ሰውነት ከገቡበት ጊዜ አንሥቶ የሕመም ምልክት እስኪታይ የተወሰነ ጊዜ ያልፋል። ይህ ጊዜ ለኮሌራ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን፣ ለኢንፍሉዌንዛ ከ1 እስከ 4 ቀን፣ ለኢቦላ ከ2 እስከ 21 ቀን ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ በሽታዎች ምልክታቸው በግልጽ ከመታየቱ በፊትም ይተላለፋሉ፤ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ በሽታውን ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችላል። የመተላለፊያ መንገዶቹም የተለያዩ ናቸው፤ ትንፋሽ፣ ንክኪ፣ የተበከለ ውሃና ምግብ፣ ትንኝን የመሳሰሉ ነፍሳት እንዲሁም የታመሙ እንስሳት ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የተስፋፋው የከብት ደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ። በሽታው ሰውን አይዝም፤ ሆኖም የእርሻ በሬ በማለቁ ማሳው ጦም አደረ፤ ከድርቅና ከአንበጣ ጋር ተዳምሮም «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወሰውን ረኃብ አስከተለ። የእንስሳት ጤና የሰውም ጉዳይ መሆኑን ይህ ዘመን በግልጽ ያሳያል።

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን አጥቅቶ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ገደለ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አካባቢን የማጽዳትና ቆሻሻን የማቃጠል ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። በዘመኑ የበሽታው መንስኤ አይታወቅም ነበር፤ ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1925 ዓ.ም. ነው። አካባቢን ማጽዳት ዛሬም ጠቃሚ ተግባር ነው፤ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታን ግን ጢስ አይከላከለውም።

የፈንጣጣ ታሪክ ተስፋ ይሰጣል። በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. በተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የጤና ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ከመንደር ወደ መንደር እየተጓዙ ሕመምተኛ ይፈልጉ፣ በአካባቢው ያሉትንም ሰዎች ይከትቡ ነበር። ከ6 ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአገሪቱ የመጨረሻው ሕመምተኛ ተመዘገበ። ክትባቱ ያለ ጥቆማ ብቻውን ለዚህ አይበቃም ነበር፤ ሕመምተኛው ያለበትን ቤት የሚያውቀው የመንደሩ ነዋሪ ነውና።

በቤተሰብ ደረጃ የሚደረግ ዝግጅት

• የሕፃናትን ክትባት በወቅቱ ማስጨረስና የክትባት ካርዱን መጠበቅ።
• እጅን ምግብ ከማዘጋጀትና ከመመገብ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ እንዲሁም ሕመምተኛን ከተንከባከቡ በኋላ በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ።
• የመጠጥ ውሃን አፍልቶ ወይም በማከሚያ አክሞ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ።
• ሳሙና፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሁም ኦ.አር.ኤስ. በቤት ውስጥ መያዝ፤ ኦ.አር.ኤስ. በእሽጉ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ይበጠበጣል።
• ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ የቤተሰብ አባል ካለ መድኃኒቱ ከማለቁ አስቀድሞ ማሟላት።
• ሕመምተኛ ለብቻው የሚቆይበትን ክፍል ወይም ጥግ፣ የሚንከባከበውንም አንድ ሰው አስቀድሞ መወሰን።
• በድንገት የሞተ እንስሳን አለማረድ፣ ሥጋውን አለመብላት፣ ቆዳውንም አለመግፈፍ፤ አባ ሰንጋ በዚህ መንገድ ወደ ሰው ይተላለፋልና።

በማኅበረሰብ ደረጃ የሚደረግ ዝግጅት

ወረርሽኝ ማኅበራዊ ሕይወትን ይፈትናል። ሕመምተኛን መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስና አስከሬን አጥቦ መገነዝ የመከባበርና የፍቅር መገለጫዎች ናቸው፤ እንደ ኢቦላ ያሉ በሽታዎች ግን በአስከሬን ንክኪ ጭምር ይተላለፋሉ። በመሆኑም የእድር መሪዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች በወረርሽኝ ጊዜ ቀብርና ለቅሶ እንዴት በክብርና በጥንቃቄ እንደሚፈጸሙ ከጤና ባለሙያዎች ጋር አስቀድመው ቢመካከሩ፣ ሐዘን በደረሰበት ሰዓት ክርክር አይነሣም።

ሕመምተኛን ማግለልና መወንጀልም ጉዳቱን ያብሳል። ነቀፋን የሚፈራ ቤተሰብ ሕመሙን ይደብቃል፤ በተደበቀም ቁጥር በሽታው ጊዜ ያገኛል።

ጥቆማ የሚያስፈልግበት ጊዜ

በአንድ ቤት ወይም መንደር ተመሳሳይ ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ ሰዎች ላይ ሲታይ፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሲከሠት፣ ትኩሳት ከሽፍታ ወይም ከደም መፍሰስ ጋር ሲታይ፣ እንስሳትም ባልተለመደ ሁኔታ ሲሞቱ የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ ጤና ተቋም ማሳወቅ ይገባል። የበሽታውን ስም መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከነዋሪው የሚጠበቀው ያየውን ሳይዘገይ መናገር ነው። ጥርጣሬው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚባክነው የጥቂት ሰዓታት ድካም ነው፤ እውነት ሆኖ ቢገኝ ግን ያ ጥቆማ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ይታደጋል።