የልብ ደም ስር ከተከፈተ በኋላ መድኃኒት ለምን አይቋረጥም?



ከቆሰበር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የጠበበ የልብ ደም ስሩን አስከፍቶ የተመለሰ ሰው፣ የደረቱ ህመም ሲጠፋለት «አልሐምዱ ሊላህ፣ ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደም ለምን ይረጋል? ቢላ ጣታችንን ሲቆርጠን ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ህዋሳት ቁስሉ ላይ ይለጠፋሉ። ፋይብሪን የሚባል ክር መሰል ፕሮቲን ደግሞ አንድ ላይ አስሮ ያጠነክራቸዋል። ይህ ከአላህ የተሰጠን ጸጋ ነው። ነገር ግን ደሙ የረጋው በልብ ደም ስር ውስጥ ከሆነ መንገዱን ይዘጋል፤ ለሞትም ያደርሳል።

የልብ ደም ስርን በፊኛ መክፈት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 በስዊዘርላንድ ነው። ዛሬ ደም ስሩ ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የሚባል የሽቦ ወንፊት ይገባበታል። በዚህ ጊዜ የደም ስሩ ውስጠኛ ሽፋን ይላላጣል፤ ፕሌትሌቶችም ልክ እንደ ቁስል ይከመሩበታል። አዲስ ሽፋን ብረቱን እስኪያለብሰው ሳምንታት፣ አልፎም ወራት ይፈጃል። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር አብረው የሚታዘዙት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላም አንደኛው ይቀጥላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳያልቅ አስቀድማችሁ ግዙ።

በረመዷንስ? ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰዱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ለመጾም ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቁርኣን ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዶለታል።

እነዚህንም አትርሱ፦

• ሒጃማ (ዋግምት) ለማድረግ ወይም ጥርስ ለማስነቀል ስታስቡ መድኃኒቱን እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላል። በራሳችሁ ግን መድኃኒቱን አታቋርጡ።
• በወጥ ውስጥ ያለ ነጭ ሽንኩርት አይጎዳም። ነጭ ሽንኩርትንም ሆነ ጥቁር አዝሙድን ለመድኃኒት ብላችሁ በብዛት ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ሐኪም አማክሩ።
• ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፤ መጠኑን ግን አንድ ሳምንት አብዝቶ ሌላ ሳምንት አያሳንስ።
• እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የህመም ማስታገሻ ያለ ትዕዛዝ አትውሰዱ።

የደረት ህመም ከተመለሰ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳትዘገዩ ሆስፒታል ሂዱ። አላህ ለህሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን!