የከርነል ግንባታ መሣሪያዎች በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲሠሩ ስለማድረግ

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የኢሉባቦር ቡሬ የሚኖር አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሊኑክስን ከርነል በራሱ ላፕቶፕ ላይ ለመገንባት ይነሳል እንበል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ የተጫነበት ነው። የከርነሉ ምንጭ ኮድ በነጻ ይገኛል፤ ፈቃድ መጠየቅም ሆነ ክፍያ መፈጸም አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ግንባታው ገና ሳይጀመር፣ ፋይሎቹ በሚወርዱበት ጊዜ ሥራው ሊቆም ይችላል። የሚቆመው በተማሪው ችሎታ ማነስ አይደለም፤ የግንባታ መሣሪያዎቹ የተጻፉት ሥራው የሚካሄድበት ኮምፒውተር ሊኑክስ ይሆናል በሚል ግምት በመሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ እንቅፋቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሌሎች እንዴት እንደተሻገሩትና ባለው ኮምፒውተር መሥራት የሚፈልግ ዜጋ ዛሬ ምን ማድረግ እንደሚችል ያብራራል።

ከርነል የስርዓተ ክወና እምብርት ነው። የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ለፕሮግራሞች ያከፋፍላል፤ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ይመድባል፤ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና የቁልፍ ሰሌዳውን ያዛል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ በሰርቨሮች፣ በራውተሮችና በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ይሠራል። በዚህ ረገድ የቡና ነጋዴው አንድሮይድ ስልክ ከተማሪው ላፕቶፕ ይልቅ ለሊኑክስ ይቀርባል ማለት ይቻላል።

አስተናጋጅና ዒላማ

በአንድ የከርነል ግንባታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሮግራሞች ይሠራሉ። ልዩነታቸውን ለመረዳት የቡና ችግኝ ጣቢያን ማሰብ ይረዳል። ችግኙ በጣቢያው ያድጋል፤ የሚተከለው ግን በሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ዝርያው የሚመረጠው የሚተከልበትን መሬት ታሳቢ በማድረግ ነው። ውኃ ማጠጫውና መኮትኮቻው ግን ወደ ማሳው አይሄዱም፤ ሥራቸው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው።

በከርነል ግንባታም ሥራው የሚካሄድበት ኮምፒውተር አስተናጋጅ ይባላል፤ ከርነሉ በመጨረሻ የሚሠራበት ማሽን ደግሞ ዒላማ ይባላል። ሊኑክስ ከመገንባቱ በፊት በርካታ ትንንሽ መሣሪያዎች በአስተናጋጁ ላይ ይዘጋጃሉ። ኬኮንፊግ የሚባለው የማዋቀሪያ ምናሌውን ያሳያል፤ ፊክስዴፕ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት ይመዘግባል፤ ሞድፖስት የከርነል ሞጁሎችን ይፈትሻል። የግንባታ ሥርዓቱ የአስተናጋጁን ኮምፓይለርና የዒላማውን ኮምፓይለር በተለያየ ስም የሚጠራው ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው።

የሚያስገርመው የፕሮሰሰር ዓይነት መለወጥ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ችግር አለመሆኑ ነው። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ለአርም ስልክ የሚሆን ከርነል መገንባት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። አስቸጋሪው የአስተናጋጁ ስርዓተ ክወና ሲለወጥ ነው። ከርነሉ ራሱ የአስተናጋጁን የሲ ቤተ መጻሕፍት አይፈልግም፤ ትንንሾቹ መሣሪያዎች ግን ያለ እሱ አይንቀሳቀሱም።

መሣሪያዎቹ የሚሰናከሉበት

የዊንዶውስ ተጠቃሚ መጀመሪያ የሚያጋጥመው የስም ጉዳይ ነው። በሊኑክስ ምንጭ ኮድ ውስጥ፣ ኑቮ በተባለው የግራፊክስ ካርድ ማንቀሳቀሻ ክፍል፣ ኦክስ የሚል ስም ያለው ፋይል አለ። ዊንዶውስ ይህን ስም ከዶስ ዘመን ጀምሮ ለመሣሪያ መገናኛ በር ስለያዘው ለፋይል አይፈቅድም። በዚህ የተነሳ የኮድ ማከማቻው በዊንዶውስ ላይ በጊት ሲወርድ ሥራው በስሕተት መልእክት ይቋረጣል።

ሁለተኛው የትልቅና የትንሽ ፊደል ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ልዩነት ስለሌለው ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በኔትፊልተር ክፍል ውስጥ ስማቸው በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያይ ጥንድ ፋይሎች አሉ። ሊኑክስ እንደ ሁለት ፋይል ያያቸዋል፤ ዊንዶውስና ማክኦኤስ በተለመደው አሠራራቸው እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋልና አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

በማክኦኤስ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድለት ይገጥማል። ኤልፍ፣ ኤንዲያንና ባይትስዋፕ የሚባሉት የራስጌ ፋይሎች በሊኑክስ የሲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ፤ የግንባታ መሣሪያዎቹም ይጠሯቸዋል፤ በማክኦኤስ ግን የሉም። ሜክ የተባለው የግንባታ መሪ ፕሮግራምም ከማክኦኤስ ጋር የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 3.81 እትሙ ሲሆን፣ የቅርብ ጊዜ ከርነሎች ቢያንስ 4.0 ይጠይቃሉ። ጽሑፍ የሚያርመው ሴድ እንኳ በሁለቱ ስርዓቶች አንድ ዓይነት አይደለም። ፋይልን እዚያው ባለበት የሚያርመው አማራጭ በጂኤንዩ ሴድ ብቻውን ይሠራል፤ የቢኤስዲው ዓይነት ግን ለመጠባበቂያ ቅጂው የሚሆን ቅጥያ ካልተጨመረለት የሚቀጥለውን ቃል እንደ ቅጥያ ይወስደዋል።

በሊኑክስ ቤተሰብ ውስጥም ልዩነት አለ። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2006 መደበኛ ሼሉን ከባሽ ወደ ዳሽ ሲቀይር፣ በባሽ ብቻ የሚታወቁ አጻጻፎችን የተጠቀሙ ብዙ ስክሪፕቶች መሥራት አቁመዋል።

በአገራችን በተለይ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የከርነሉ የግንባታ ሥርዓት በመካከሉ ባዶ ክፍተት ያለበትን የፎልደር አድራሻ አይቀበልም። በዊንዶውስ ላይ የተጠቃሚው ፎልደር በስምና በአባት ስም ከተሰየመ በሁለቱ ስሞች መካከል ክፍተት ይኖራል፤ ኮዱ በዚያ ውስጥ ከተቀመጠ ግንባታው በመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል። ሁለተኛው፣ የኮምፒውተሩ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲዋቀር የቃላት ቅደም ተከተልና የቀን አጻጻፍ ሊለወጥ መቻሉ ነው። የሊኑክስ ግንባታ የቅደም ተከተልና የቁጥር ሥርዓቱን ራሱ ወስኖ ስለሚነሳ ይህን በአብዛኛው ይከላከላል፤ በግል የሚጻፍ ስክሪፕት ግን ይህ ጥበቃ የለውም።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ

ከሁሉም የተሟላው መፍትሔ የኔትቢኤስዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው 1.6 እትም ጀምሮ መላውን ስርዓት ከሌላ ስርዓተ ክወና ላይ በአንድ ስክሪፕት መገንባት ይቻላል። ስክሪፕቱ ከአስተናጋጁ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ በዋናነት ኮምፓይለርና መደበኛ ሼል። በእነዚህ በመጠቀም የራሱን ኮምፓይለር፣ የራሱን ሜክና ሌሎች መሣሪያዎች አስቀድሞ ይገነባል፤ ከዚያ በኋላ የአስተናጋጁን አይጠቀምም። አስተናጋጁ የሚጎድለውን ተግባር የሚያሟላ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍትም አብሮት ይመጣል። የአስተዳዳሪ መብት እንኳ አይጠይቅም፤ የፋይሎቹ ባለቤትነትና ፈቃድ በጽሑፍ ዝርዝር ተመዝግቦ ይቆያል። ለትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ተጠቃሚ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ኮምፓይለርን መገንባት ለደካማ ላፕቶፕ ቀላል ሸክም አይደለም።

ፍሪቢኤስዲም ከጊዜ በኋላ ከሊኑክስና ከማክኦኤስ ላይ እንዲገነባ ተደርጓል። በሊኑክስ በኩል ደግሞ ማክኦኤስን በአስተናጋጅነት ለማስቻል የታሰቡ ማሻሻያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ለውይይት ቀርበዋል። አንድሮይድ በተቃራኒው ሄዷል፤ ከጁን 22 ቀን 2021 ጀምሮ የአንድሮይድን ስርዓት በማክኦኤስ ላይ መገንባት አይደገፍም። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አስተናጋጅ የሚፈትሽና የሚጠግን ሰው ያስፈልጋልና ውሳኔው ያለ ምክንያት አልተወሰደም። ሸክሙ ግን ሌላ ኮምፒውተር መግዛት በማይችለው ላይ ያርፋል።

ዛሬ ማድረግ የሚቻለው

ዊንዶውስ 10 እትም 2004 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ዊንዶውስ ያለው ተጠቃሚ፣ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን ለማስኬድ ያዘጋጀውን ዳብልዩኤስኤል 2 መጫን ይችላል። አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን ማረጋገጥ ይገባል። ኮዱ መቀመጥ ያለበት በሊኑክሱ የራሱ ፎልደር ውስጥ እንጂ በሲ ድራይቭ ላይ አይደለም። እንዲህ ሲደረግ የፋይል ስምና የፊደል ችግሮቹ ይወገዳሉ፤ ሥራውም ይፈጥናል። ኮምፒውተሩ ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን መጫን ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን የግል ፋይሎችን ቅጂ ማስቀመጥ አስፈላጊ ነው።

የኢንተርኔት መስመሩ ደካማ በሆነበት አካባቢ ኮዱ የሚወርድበት መንገድ ወሳኝ ነው። መላውን የጊት ታሪክ ማውረድ በርካታ ጊጋባይት ይፈጃል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። በአንጻሩ የአንድ እትም የታመቀ ፋይል ወደ 140 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ ቢቋረጥ ከቆመበት መቀጠል ይችላል። አንድ ተማሪ ወደ መቱ በሄደበት አጋጣሚ አውርዶ በፍላሽ ለጓደኞቹ ቢያካፍልም የከርነሉ ፈቃድ ይህን አይከለክልም።

መብራት ቢጠፋ ሜክ የተጠናቀቁትን ፋይሎች ትቶ ከቀሩት ይቀጥላል። በጠፋበት ቅጽበት በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ግን ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ትርጉሙ ግልጽ ያልሆነ ስሕተት ከታየ የተገነባውን አጽድቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ለመጀመሪያ ልምምድ ታይኒኮንፊግ የተባለው በጣም አነስተኛ ውቅር ይመረጣል፤ ከሙሉው ግንባታ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በሚሠራበት ላፕቶፕ ላይ ከመጫን በፊትም ውጤቱን ኪሙ በተባለው ማሽን አስመሳይ ላይ መሞከር ይገባል።

ከአንድ በላይ በሆኑ ኮምፒውተሮች የተገነባ ከርነል አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው፣ ከርነሉ በውስጡ የግንባታውን ቀን፣ የተጠቃሚውን ስምና የኮምፒውተሩን ስም እንደሚይዝ ማወቅ አለበት። ሦስቱንም በግንባታ ተለዋዋጮች አማካይነት አንድ ዓይነት አድርጎ፣ ተመሳሳይ ኮምፓይለርና ተመሳሳይ ውቅር መጠቀም ያስፈልጋል። በመቱና በቡሬ የተገነቡት ሁለት ፋይሎች የሀሽ ቁጥራቸው ከተመሳሰለ ፋይሎቹ አንድ ናቸው። ካልተመሳሰለ ደግሞ ከአስተናጋጆቹ የአንዱ ባሕርይ ወደ ውጤቱ ሾልኮ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ስንክል ያገኘ ሰው ማስተካከያውን ራሱ ማቅረብ ይችላል። ማስተካከያው በኢሜይል ለክፍሉ ኃላፊዎች ይላካል፤ ኃላፊዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚያሳይ ስክሪፕት በምንጭ ኮዱ ውስጥ አለ። በመልእክቱ ግርጌ የላኪው ስምና ኮዱን የማቅረብ መብት እንዳለው የሚያረጋግጥ የፊርማ መስመር ይሰፍራል። ኢሜይሉ ያለ ቅርጽና ያለ አባሪ፣ በተራ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ በስልክ መተግበሪያ የሚላክ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ይህን ስለማያሟላ ከኮምፒውተር ጊት ራሱ ባለው የመላኪያ ትእዛዝ መላክ ይመረጣል።