«ለጓደኛዬ ነው»

ሰኞ ጠዋት ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍላችን ፖስትፒል የሚባለውን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ፈልገው የሚመጡ ልጆች ይበዛሉ። አብዛኞቹ «ሲስተር፣ ለጓደኛዬ ነው» ይላሉ። አዲስ የተመደቡ ነርሶች ይቺን ሲሰሙ ፈገግ ማለት ይቀናቸዋል፤ እኔ አልወድላቸውም። ጓደኛ አለች ከተባለ አለች።

«ጓደኛሽ መቼ ነው የተገናኘችው? ዓርብ ማታ ከሆነ 72 ሰዓት አልሞላትም፤ ግን ዛሬውኑ ትዋጠው፣ በቆየች ቁጥር የመሥራት አቅሙ ይቀንሳል። የወር አበባዋ ቀኑ ሊዛባ ይችላል። ከሳምንት በላይ ከዘገየባት መጥታ ትመርመር። ደግሞስ ፈልጋ ነው ወይስ ተገዳ?» ይህችን የመጨረሻዋን ሳልጠይቅ አላሰናብትም። በራሷ ስም ብጠይቃት የምትሸሸውን በጓደኛዋ ስም የምትመልስልኝ አለች።

ክኒኑን ከተቀበለች በኋላ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «እሷ ግን ወደፊት መውለድ ትችላለች?» ትላለች። የመጣችበት ጉዳይ ይኼኔ ነው የሚወጣው።

መከላከያ ያመክናል የሚለው ወሬ የሌለበት ሰፈር የለም። «ውሸት ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ልጅቷ ግን መርፌ አቁማ ቶሎ ያልጸነሰች አክስት አለቻት። አክስቷም አልዋሸችም። የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዴፖ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከተወጉት በኋላ እስኪጸነስ አሥር ወር ገደማ ሊያስቆይ ይችላል፤ ያቆያል እንጂ አያመክንም። ክንድ ላይ የሚቀበረው ሲወጣ ግን ብዙም ሳይቆይ ይጸነሳል፤ ፖስትፒልም ለወደፊቱ መውለድ አያሰጋም። አክስቷን ውሸታም ያላደረገ መልስ ስታገኝ ነው ልጅቷ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ የምታወጣው። ያኔ ፖስትፒል ከኤችአይቪም ከአባላዘር በሽታም እንደማያድን ለመናገር ጊዜ አገኛለሁ።

ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ እየተገፋፉ ኮንዶም ወስደው ይሄዳሉ። አንዱ ተመልሶ ከመጣ ብቻውን ነው፣ ጥያቄም ይዟል።

ይህ ሁሉ ግን ክፍሉ ድረስ ለደረሰ ነው። በራችን ላይ «ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ በሩ ደግሞ ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ ፊት ለፊት ነው። ሰልፉ ላይ የእናቷ የዕድር ጓደኞች ተቀምጠው የትኛዋ ልጅ ደፍራ ትገባለች? ክፍሉ በጓሮ በኩል ሌላ በር አለው። ይከፈትልን ብለን በደብዳቤ ጠይቀን ተፈቅዶልናል፤ ቁልፉ ግን ንብረት ክፍል ነው፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ስልጠና ሄደዋል።