ፌንግ ሹይ

ፌንግ ሹይ ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ለቤት፣ ለመቃብር፣ ለከተማ ወይም ለቤተ መንግሥት የሚስማማ ቦታና አቅጣጫ ለመምረጥ የሚጠቀሙበት ልማዳዊ ጥበብ ነው። የቃሉ ትርጉም በቻይንኛ «ነፋስና ውሃ» ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ስሙ የሚነሣው ከአልጋና ከመስታወት አቀማመጥ ጋር ነው፤ መነሻው ግን የቤት ዕቃ ሳይሆን መሬት፣ በተለይም የመቃብር መሬት ነው።

መነሻ ሐሳብ

በዚህ አስተሳሰብ «ቺ» የሚባል የሕይወት እስትንፋስ በምድር ውስጥ ይዘዋወራል። «የቀብር መጽሐፍ» የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው ቺ በነፋስ ይበተናል፣ ውሃ ሲያገኝ ግን ይቆማል፤ ስሙም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ጓ ፑ (276–324 እ.ኤ.አ.) ነው ይባላል፤ ብዙ ሊቃውንት ግን ከእርሱ ዘመን በኋላ እንደ ተጻፈ ያስባሉ።

በመጽሐፉ መሠረት የሟች አጥንት ቺ በተከማቸበት ቦታ ካረፈ በረከቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ የአባት መቃብር የሐዘን ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የቤተሰቡ ሀብትና ሹመት፣ የዘሩም መብዛት በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላቸው ነበር። መልካም ቦታ እስኪገኝ ድረስ አስከሬን ሳይቀበር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆይ ነበር። በመቃብር ቦታ የተነሣ ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰስ ነበር።

መልካም ቦታ

ተመራጩ ቦታ ባለ መደገፊያ ወንበር ይመስላል። ከኋላው፣ በሰሜን፣ ነፋስ የሚከልል ተራራ ይኖራል፤ ይህም «ጥቁር ኤሊ» ይባላል። በግራው፣ በምሥራቅ፣ «ሰማያዊ ዘንዶ»፣ በቀኙ፣ በምዕራብ፣ «ነጭ ነብር» የሚባሉ ኮረብቶች እንደ ወንበር ክንድ ያቅፉታል። የ«ቀይ ወፍ» አቅጣጫ የሆነው ደቡብ ክፍት ሆኖ ውሃ ቀስ እያለ እየተጠማዘዘ ቢያልፍበት ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። በሰሜን ቻይና በብርድ ወራት ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ ከሰሜን ይነፍሳል፤ የቀትር ፀሐይ ደግሞ በደቡብ በኩል ነች። ጀርባውን ለሰሜን የሰጠ ቤት ይሞቃል። ሕጎቹ ግን ሁሉም በዚህ መንገድ የሚገለጹ አይደሉም።

ተፈጥሮ ያልሰጠውን ሰው ሲሠራውም ታይቷል። በቤጂንግ የሚገኘው «የተከለከለው ከተማ» ከ1406 እስከ 1420 እ.ኤ.አ. ሲገነባ፣ ለመከላከያ ቦይ ተቆፍሮ የወጣው አፈር በሰሜን በኩል ተከምሮ የጂንግሻን ኮረብታ ሆነ። በደቡብ በኩል ደግሞ ከዋናው በር ውስጥ የተጠማዘዘ ሰው ሠራሽ ጅረት ያልፋል። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ያሉት የ13ቱ የሚንግ ነገሥታት መቃብሮችም በተራራ በታቀፈ ሸለቆ ውስጥ ይገኛሉ።

ኮምፓስና ስሌት

አንዱ የባለሙያዎች ወገን በተራሮችና በወንዞች ቅርጽ ላይ ያተኩራል። ሌላው ወገን ሉዎፓን በሚባል ኮምፓስ ይሠራል። የሉዎፓን ዋና ቀለበት በ24 አቅጣጫ የተከፈለ ስለሆነ እያንዳንዱ 15 ዲግሪ ይይዛል። የቻይና ሊቅ ሸን ኩዎ በ1088 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፈው መጽሐፍ መግነጢሳዊ መርፌ በትክክል ወደ ደቡብ እንደማያመለክትና ጥቂት ወደ ምሥራቅ እንደሚያዘነብል መዝግቧል።

በስሌቱ ውስጥ «ባጓ» የሚባሉ ስምንት ምልክቶች አሉ። እያንዳንዱ ምልክት ሦስት መስመር አለው፤ መስመሩም ወይ ሙሉ (ያንግ) ወይ የተቆረጠ (ዪን) ነው። 2×2×2 ስምንት ይሆናልና፣ በ0 እና በ1 መቁጠር ለለመደ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ላይብኒዝም በ1703 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለትዮሽ ቁጥር ባሳተመው ጽሑፍ የቻይናውያኑን መስመሮች ጠቅሷል። ከዚህ ሌላ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ አንዱ ሌላውን እንደሚወልድና እንደሚያሸንፍ ይታሰባል፤ ለምሳሌ እንጨት እሳትን ይወልዳል፣ ውሃ ደግሞ እሳትን ያሸንፋል።

ትችት

ቺ የሚባለው ኃይል በሳይንሳዊ መሣሪያ ተለክቶ አያውቅም። ሁለት ባለሙያዎችም ለአንድ ቤት የሚጋጭ ምክር ሊሰጡ ይችላሉ፤ ይህ ለጥበቡ ትልቁ ፈተና ነው። ተቃውሞው የውጭ ሰዎች ብቻ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ፈላስፋ ዋንግ ቾንግ የቤት በር አቅጣጫ በባለቤቱ የቤተሰብ ስም ድምፅ ይወሰናል የሚለውን የዘመኑን ትምህርት ነቅፏል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ ምሰሶ ሲመጣ፣ ብዙ መንደሮች የምድሩን ቺ ይቆርጣል፣ መቃብርም ያውካል ብለው ተቃወሙ። ከ1949 እ.ኤ.አ. በኋላ የኮሙኒስቱ መንግሥት ፌንግ ሹይን እንደ አጉል እምነት ቆጠረው፤ በባህል አብዮት ጊዜም (1966–1976) ባለሙያዎቹ ተሳደዱ። በሆንግ ኮንግ ግን ልማዱ አልተቋረጠም። በዚያ የመንግሥት ግንባታ የመንደራቸውን ፌንግ ሹይ እንደሚያውክ ለሚያመለክቱ ነባር ነዋሪዎች፣ «ቱን ፉ» ለሚባለው የማረጋጊያ ሥርዓት መንግሥት ወጪውን ሲከፍል ቆይቷል።