እናት ለሞተችባቸው የድመት ግልገሎች የቱ ወተት?

የእህል ገበያ በሆነው እህል በረንዳ ውስጥ ድመት እንደ ሠራተኛ ናት። ደመወዟ ፍርፋሪ፣ የሥራ ሰዓቷ ሌሊት፣ ሥራዋም የጤፍና የስንዴ ጆንያ የሚቦረቡሩ አይጦችን ማደን ነው። የምትወልደውም እዚያው ከጆንያው ጀርባ ነው። አንድ ቀን በአይሱዙ ጎማ ሥር ከቀረች ዓይናቸውን ያልገለጡ ግልገሎቿ ሲጮኹ ይውላሉ። ባለሱቁ ያዝንና ከሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ወተት ያስመጣል። ደግነቱ ደግ ነው፤ ወተቱ ግን የጥጃ ነው።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም እንዲሉ፣ ሥጋ በልነቷ ከጡቷ ይጀምራል። በ100 ግራም የላም ወተት ውስጥ 3.3 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 4.7 ግራም ገደማ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አለ። የድመት ወተት ግን ፕሮቲኑ 7 ግራም ያህል ሲሆን ስኳሩ ወደ 4 ይወርዳል። ግልገሉ ከላም ወተት የሚፈልገውን ያህል ጉልበት ለማግኘት ብዙ መጠጣት አለበት፤ ብዙ ሲጠጣ ደግሞ ስኳሩ ይበዛበታል። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ ውኃ ይስባል፣ ይቦካል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ለሚመዝን ፍጡር የአንድ ቀን ተቅማጥ ቀላል አይደለም።

የፍየል ወተትስ? ስኳሩ ከላሟ እምብዛም አይለይም። የሕፃናት የዱቄት ወተት ደግሞ ይብሳል፦ ለሰው ልጅ የተሰናዳ በመሆኑ ፕሮቲኑ ትንሽ፣ ላክቶሱ ብዙ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ሌላ የምታጠባ ድመት መፈለግ ነው፤ ብዙዎቹ የሌላ ልጅ ነው ሳይሉ ይቀበላሉ። ካልተገኘች ለድመት ግልገል ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት አለ፤ የእንስሳት ሐኪም ወይም የእንስሳት መድኃኒት ቤት መጠየቅ ነው። ይህ ዱቄት ለድመት ዓይንና ልብ የግድ የሚያስፈልገው ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። እስኪገኝ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን፣ በላም ወተት ውስጥ የእንቁላል አስኳል መምታት ነፍስ ያቆያል፤ አስኳሉ ፕሮቲንና ስብ ይጨምራል፣ ስኳር ግን አይጨምርም።

ወተቱ ተገኘ ማለት ግን ግልገሉ ተረፈ ማለት አይደለም። የቀዘቀዘ ግልገል ወተት መፍጨት ስለማይችል መጀመሪያ ይሙቅ። እንደ ሕፃን በጀርባው አይተኛም፤ በሆዱ ተኝቶ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለብ ያለ ወተት ጠብ ጠብ ይደረግለታል፤ ከፈሰሰበት ወደ ሳንባው ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይመገባል። ከጠጣ በኋላ እናቱ በምላሷ እንደምታደርገው፣ ሽንትና ዓይነ ምድር እንዲወጣለት ከጅራቱ ሥር በእርጥብ ጥጥ ይታሻል።

መድከሙ ፍሬ ማፍራቱን የሚናገረው ሚዛን ነው። ግልገሉ በቀን 10 ግራም ያህል መጨመር አለበት። ኩንታል የለመደው የበረንዳው ሚዛን ይህን አያይም፤ የወርቅ ቤት ሚዛን መዋስ ይሻላል። 4 ሳምንት ሲሞላው ለስላሳ ምግብ መቅመስ ይጀምራል።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። የአይጥ ዘመድ የሆነውን ጀርቢልን በቤታቸው የሚያረቡ የውጭ አገር ሰዎች እናት ለሞተችባቸው የጀርቢል ግልገሎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ይህንኑ ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው። የእህል በረንዳ ድመት ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?