በእንቅርት ዕጢ ውስጥ የተሰወረ እንግዳ

የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጨምበላላን ለማክበር በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በጉዱማሌ ከመሰብሰቡ አስቀድሞ፣ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ ከጨረቃ ጋራ አስተያይተው የበዓሉን ዕለት ይቆርጣሉ፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ምልክትን ከምልክት ጋራ አስተያይቶ መፍረድ ግን ሰማይን ለሚመለከቱ ብቻ የተሰጠ ጥበብ አይደለም፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ የደዌ መርማሪም የሚኖረው በዚሁ ነው።

ሂስቲዮሳይት የሚባሉት ሕዋሳት በሥጋችን ሁሉ እንደ ዘብ ተበትነው ባዕዱን የሚውጡ ወይም ለሌሎቹ የሚያመለክቱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ወገን ጳውል ላንገርሃንስ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ገና የበርሊን ተማሪ ሳለ፣ በቆዳ ውስጥ አግኝቶ የነርቭ ሕዋስ መስሎት ነበር፤ ስሙ ግን ከስሕተቱ ጋራ አልተሻረም፤ ይባስ ብሎ ይህን ሕዋስ የሚመስሉት ከልክ በላይ የሚበዙበት ደዌ በእርሱ ስም ተጠራ። ደዌው በታይሮይድ ዕጢ የሚያድረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ አንገቱ ያበጠውንም ሰው ያየ ሁሉ፣ የአዮዲን እጥረት በኖረበት አገር፣ «እንቅርት ነው» ብሎ ያልፋል።

ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ናሙና ቀድቶ፣ በብርጭቆ ላይ አሰራጭቶና በቀለም ነክሮ ሲመለከት፣ የዚህ ደዌ ሕዋስ አስኳል በመካከሉ እንደ ቡና ፍሬ ተሰንጥቆ ይታየዋል፤ ይህን ስንጥቅ ለሲዳማ ሰው ማስረዳት አያሻም። ችግሩ፣ ከታይሮይድ ነቀርሳዎች ሁሉ የሚበዛው ፓፒላሪ የተባለውም አስኳሉ እንዲሁ የተሰነጠቀ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ስም ተፈርዶበት ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ዕጢ አብረው የተገኙበትም ጊዜ አለ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ መርማሪው ሌላ ምስክር ይጠራል፦ በዙሪያው ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት መሰብሰባቸውን፣ በልዩ ቀለምም ኤስ 100፣ ሲዲ1ኤ እና ላንገሪን የተባሉት ፕሮቲኖች መታየታቸውን። ኤስ 100 ታይቶ ሲዲ1ኤ ከታጣ፣ በሕዋሱም ሆድ ውስጥ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ዮናስ በዓሣ አንበሪ ከርሥ እንደ ነበረ፣ ሳይፈጩ በደኅና ከተገኙ፣ ደዌው ሮሳይና ዶርፍማን በ1969 እ.ኤ.አ. የገለጡት ሌላው የሂስቲዮሳይት ደዌ ነው።

የላንገርሃንሱ ደዌ የአንጎልን ሥር ዕጢ ሲነካ የሰውነትን የውሃ ሚዛን ያፈርሳልና፣ አስተዋይ ሐኪም መርፌውን ከማንሣቱ በፊት በሽተኛውን «ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ብሎ ይጠይቃል።