እግር ያወቀውን አፍ ሲያጣው

በኦክቶበር 2023 መጀመሪያ በርሚንግሃም ሲቲ በእንግሊዝ ሁለተኛ እርከን ሊግ፣ በሻምፒዮንሺፑ፣ 6ኛ ደረጃ ላይ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የማነሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለዓመታት ላለመውረድ ሲታገል ለኖረ ክለብ 6ኛነት ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚያ ቦታ ላይ የጨረሰ ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ በሚደረገው የፕሌይኦፍ ጨዋታ ይሳተፋል። አሰልጣኙ ጆን ዩስታስ በተጫዋችነት ዘመኑ ስሙ ከክለቦቹ ደጋፊዎች አልፎ ብዙም ያልተሰማ አማካይ ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች እሱን አሰናበቱና በቀናት ውስጥ ዌይን ሩኒን ቀጠሩ።

ሩኒን ለእኛ አገር አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣቦ ያደገ ሁሉ፣ በ2011 ማንችስተር ሲቲ ላይ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ፣ አየር ላይ ተገልብጦ ያስቆጠራትን ጎል በእጁ እያሳየ ሊተርክላችሁ ይችላል። ለማንችስተር ዩናይትድ 253 ጎል አግብቶ፣ የክለቡ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆኖ ነው የወጣው። በርሚንግሃምን ግን 15 ጨዋታ መርቶ ያሸነፈው 2 ብቻ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ሲሰናበት ቡድኑ 20ኛ ደረጃ ላይ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም አልታደጉትም፤ ክለቡ በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ።

ይህ የሩኒ ዕጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምዕራፍ ባልሰጠሁት ነበር። አላን ሺረር በ2009 እየደገፈው ያደገውን ኒውካስልን እንዲያድን ለመጨረሻዎቹ 8 ጨዋታዎች ተጠርቶ፣ አንዱን ብቻ አሸንፎ ከክለቡ ጋር ወረደ። ቶኒ አዳምስ በ2017 የስፔኑን ግራናዳ 7 ጨዋታ መርቶ ሰባቱንም ተሸነፈ። ቲየሪ ሄንሪ በ2018 የእግር ኳስ ሕይወቱን ወደጀመረበት ሞናኮ በአሰልጣኝነት ተመልሶ 20 ጨዋታ መራ፤ ያሸነፈው 4 ነው። ነገሩ የዛሬ ዘመን ችግርም አይደለም። የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ ያነሳው ቦቢ ቻርልተን በ1973 ፕሬስተንን ይዞ ገና በመጀመሪያው ዓመት ወርዷል። እነዚህ ሰዎች ኳስን ከእኛ ከተመልካቾቹ ቀርቶ ከአብዛኞቹ አሰልጣኞች በላይ ያውቁታል። ታዲያ ምን ያዛቸው?

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ጋሪ ኔቪል ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እጅግ የተከበረ ተንታኝ ሆነ። ምስሉን ያስቆማል፣ ተከላካዩ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ቢቆም ኖሮ ጎሉ እንደማይገባ በመስመር ያሳያል፤ አድማጭ «ለካ እንዲህ ነው!» ይላል። በዲሴምበር 2015 የስፔኑ ቫሌንሲያ ቀጠረው። የክለቡ ባለቤት በሌላ ሥራ ሸሪኩ ነበር። ኔቪል ስፓኒሽ አይናገርም ነበር፤ ከዚያ በፊት ዋና አሰልጣኝ ሆኖም አያውቅም ነበር። በሁለተኛው ወሩ ቡድኑ በንጉሡ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በባርሴሎና 7 ለ 0 ተሸነፈ። አራት ወር ሳይሞላው፣ ከ28 ጨዋታ 10 አሸንፎ ተሰናበተ።

የቴሌቪዥን ምስል በፈለጉት ቦታ ይቆማል። ከሜዳው ጠርዝ ላይ ለቆመ ሰው ግን ምንም ነገር አይቆምለትም። ያየውን ስህተት ለመንገር አስተርጓሚ አለ፣ ጩኸት አለ፣ በዚያ ላይ የሚነገረው ተጫዋች ያለፈውን ሳምንት ሽንፈት ገና አልረሳም። ስህተትን ማየት አንድ ችሎታ ነው። ያንን ስህተት ሐሙስ ጠዋት ልምምድ ላይ ሃያ አምስት ሰው እንዲተወው ማድረግ ሌላ ችሎታ ነው፤ ሁለተኛውን ኔቪል ከዚያ በፊት በዋና አሰልጣኝነት ኃላፊነት ሞክሮት አያውቅም።

ከዚህ በታች ግን ጠለቅ ያለ ነገር አለ፤ የምዕራፉም ልብ እሱ ነው።

በ2002 ሲያን ባይሎክ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ሙከራ አሳተመች። ልምድ ያላቸውና ለኳስ አዲስ የሆኑ ቀኝ እግረኞችን በኮኖች መካከል ኳስ እያዟዟሩ እንዲገፉ አደረጉ። አንድ ጊዜ፣ እየገፉ ሳለ ቃላት ይነበቡላቸውና የተመረጠው ቃል ሲመጣ እንዲደግሙት ይጠየቃሉ፤ ማለትም ሐሳባቸው ከእግራቸው እንዲነሳ ይደረጋል። ሌላ ጊዜ፣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ኳሷን በእግራቸው ውስጥ በኩል ነው ወይስ በውጭ በኩል የነኳት ብለው እንዲናገሩ ይደረጋል፤ ሐሳባቸው እግራቸው ላይ ይወድቃል። ልምድ ያላቸው በቀኝ እግራቸው ሲገፉ፣ ሐሳባቸው ቃላቱ ላይ በነበረበት ጊዜ ፈጠኑ፤ እግራቸውን እንዲያዩ ሲደረጉ ግን ዘገዩ። ጀማሪዎቹ ተቃራኒ ነበሩ፤ እግራቸውን ማሰባቸው ጠቀማቸው። ሙከራውን ለእኔ ድንቅ የሚያደርገው ቀጣዩ ነው፦ እነዚያው ልምድ ያላቸው ሰዎች በግራ እግራቸው እንዲገፉ ሲደረጉ እንደ ጀማሪ ሆኑ። በአንድ ሰው ገላ ላይ አንደኛው እግር ሊቅ፣ ሌላኛው ተማሪ ነው።

ይህችው ተመራማሪ አንድ ዓመት ቀደም ብላ በጎልፍ ተጫዋቾች ላይ በሠራችው ጥናት ደግሞ፣ የተካኑት አሁን የመቷትን ኳስ እንዴት እንደመቷት እንዲጽፉ ሲጠየቁ ከጀማሪዎቹ ያነሰ ነው ያስታወሱት። «ኳስ በጠቅላላው እንዴት ይመታል?» ሲባሉ ግን ከጀማሪዎቹ የበለጠ ይጽፋሉ። አጠቃላይ ሕጉን ያውቁታል፤ እጃቸው የሠራውን የዚያችን ቅጽበት ሥራ ግን አእምሯቸው አልመዘገበውም።

በሰፈር ሜዳ ያደገ ይህንን ያለ ጥናት ያውቀዋል። በየሰፈሩ አብዶ የሚሠራ አንድ ልጅ አይጠፋም። «እንዴት ነው ያለፍከው?» ብላችሁ ስትጠይቁት «ዝም ብለህ ነዋ! እንዲህ!» ይልና ደግሞ ይሠራዋል። ብትለምኑት ሦስተኛ ጊዜ ቀስ ብሎ ሊያሳያችሁ ይሞክራል፤ ያኔ ኳሷ ከእግሩ ታመልጣለች፣ እሱም ይናደዳል። ደብቋችሁ አይደለም። የሚያውቀው ነገር ቃል በማይደርስበት ቦታ ነው የተቀመጠው።

እንግዲህ ይህ ልጅ ሃያ ዓመት በትልልቅ ሜዳዎች ተጫውቶ አሰልጣኝ ሲሆን አስቡት። ፊት ለፊቱ የቆመው አጥቂ ኳሷን ለመቆጣጠር ሁለት ንክኪ የሚያስፈልገው፣ በግራ እግሩ የማያምን፣ ጎበዝ ግን መካከለኛ ተጫዋች ነው። ይህ ሰው የሚፈልገው የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከኖች ነው፤ ኮከቡ እነዚያን እርከኖች በአሥር ዓመቱ ስለዘለላቸው አያስታውሳቸውም። ያኔ የሚቀረው «ለምን አታያትም?» ብሎ መጮህ ነው። ለእሱ ሁልጊዜ ትታየው ነበራ።

ሌላም እርከን አለ፤ እሱ የልብ ነው። ከሃያ አምስት ተጫዋች አሥራ አንዱ ይሰለፋል፤ የቀሩት በየሳምንቱ ቅር ብሏቸው ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት። የአሰልጣኝ የሥራው ግማሽ ያለው እነዚያ ላይ ነው። ከተጠባባቂ ወንበር ጋር ሳይተዋወቅ የኖረ ኮከብ የወንበሩን ቅዝቃዜ ከየት ያውቀዋል? አሌክስ ፈርጉሰን በ1965 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ የደንፈርምሊን ዋነኛ ጎል አግቢ ሆኖ ሳለ፣ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ከአሰላለፍ ውጭ መሆኑ ተነገረው። ቡድኑም በሴልቲክ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ያንን ቁጭት ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ተጫዋች በሚያስቀርበት ቀን ምን ዓይነት ሕመም እያደረሰ እንደሆነ ከራሱ ገላ ያውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ግን አንባቢን ማስጠንቀቅ አለብኝ፤ «ኮከብ ሰው አሰልጣኝ አይሆንም» የሚለው ወሬ እውነቱን ይጋርዳል። ክራይፍና ቤከንባወር በዘመናቸው ከማንም የማይተናነሱ ተጫዋቾች ነበሩ፤ በአሰልጣኝነትም ታሪክ ሠርተዋል። ዚዳን ሪያል ማድሪድን ይዞ ከ2016 እስከ 2018 ሦስት ተከታታይ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ወስዷል። በቅርጫት ኳስ ደግሞ አማንዳ ጉዳልና ሁለት ባልደረቦቿ በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካው ኤንቢኤ ድንቅ ተጫዋች የነበሩ አሰልጣኞች የሚመሯቸው ቡድኖች የበለጠ እንደሚያሸንፉ አሳይተዋል። በእኛም አገር መንግሥቱ ወርቁ አለ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ በ3 ጎል ከከፍተኛ አግቢዎቹ አንዱ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1982 ብሔራዊ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ ይዞ ሊቢያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚያ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት እንደፈጀባት ስናስታውስ የሰውየው ሥራ ክብደት ይገባናል።

በተጫዋቾች ቦታ የሚያስረዱም አሉ፤ አማካይ ሜዳውን በሙሉ ስለሚያይ ለአሰልጣኝነት ይቀርባል ይላሉ። ጓርዲዮላን፣ አንቼሎቲን፣ ዴሾን ይጠቅሳሉ። ፒርሎም ግን አማካይ ነበር፤ ሜዳን እንደ እሱ ያየ ጥቂት ነው። ጁቬንቱስ በኦገስት 2020 በዋና አሰልጣኝነት የሾመው፣ ለወጣት ቡድኑ አሰልጣኝ ካደረገው ገና በቀናት ውስጥ ነው፤ ከፍተኛውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ እንኳን የያዘው ከሹመቱ በኋላ ነው። ለዘጠኝ ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮን የነበረው ቡድን አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ የጣሊያንን ዋንጫ ቢወስድም ተሰናበተ። ስለዚህ የቦታው ማስረጃ ብቻውን አያሳምነኝም።

እኔን የሚያሳምነኝ ከተጫዋችነት በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። አንቼሎቲ ከአሪጎ ሳኪ ሥር ምክትል ሆኖ በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ከጣሊያን ቡድን ጋር ነበር። ጓርዲዮላ የጀመረው የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን ይዞ በአራተኛው እርከን ነው። ዚዳን የአንቼሎቲ ረዳት፣ ቀጥሎ የሁለተኛው ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ ነው የመጣው። ግራ እግር ሆኖ የመኖር ዘመን ልትሉት ትችላላችሁ፤ ታዋቂው ሰው እንደገና እያሰበ፣ እያንዳንዱን ንክኪ በቃል እየፈለገ፣ ሕዝብ በማያይበት ቦታ የሚሳሳትበት ጊዜ።

በ2022 የአውሮፓ ጸደይ ሁለት ሰዎች ከቡድናቸው ጋር ወረዱ። አንዱ ሩኒ ነው፤ ከበርሚንግሃም በፊት፣ ገና በደርቢ ካውንቲ። ስለዚያ ዓመት በአድናቆት ነው የምናገረው። ክለቡ በገንዘብ ቀውስ 21 ነጥብ ተቀንሶበት፣ ሩኒ በልጆችና በጥቂት አንጋፋዎች ሜዳ ላይ 55 ነጥብ ሰበሰበ፤ ያለ ቅጣቱ በቀላሉ ይተርፍ ነበር። ያደገበት ኤቨርተን ለዋና አሰልጣኝነት ሊያነጋግረው ሲፈልግ እምቢ ብሎ ከልጆቹ ጋር ቀረ። እየተማረ ነበር፤ ይታይም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለመማሪያ ፋታ አላገኘም። በጁላይ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት ዋሽንግተን ሄዶ ዲሲ ዩናይትድን ያዘ፤ ከዚያ በወጣ በቀናት ውስጥ በርሚንግሃም፤ ከበርሚንግሃም በአምስት ወር ልዩነት ፕሊመዝ፤ እዚያም በ2024 የመጨረሻ ቀን፣ ቡድኑ የሊጉ ግርጌ ላይ ሳለ ተለያዩ። እያንዳንዱ ክለብ ስሙን ነበር የፈለገው፤ ስሙ ደግሞ በደረሰበት ሁሉ ካሜራ ይከተለዋል።

ሁለተኛው ሰው ሻቢ አሎንሶ ነው። የዓለም ዋንጫ ያነሳው፣ በቤኒቴዝ፣ በሞሪንሆ፣ በአንቼሎቲና በጓርዲዮላ ሥር የተጫወተው አሎንሶ በ2019 የሪያል ሶሲዳድን ሁለተኛ ቡድን ያዘ። በ2021 ልጆቹን ወደ ሁለተኛው ሊግ አሳደጋቸው። በዚያው ዓመት ስሙ ከጀርመኑ ቦሩሲያ መንሸንግላድባህ ጋር በስፋት ሲነሳ፣ እሱ እዚያው ውሉን አራዘመ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ተመልሶ ወረደ። ከክለቡ ከተማ ከሳን ሴባስቲያን ውጭ ይህንን ያየ ጥቂት ነበር። ብዙም አልተዘፈነበትም፣ ዘመኑ አበቃ ተብሎም ብዙ አልተጻፈም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦክቶበር 2022፣ ከሊጉ ግርጌ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ባየር ሌቨርኩሰን ሲጠራው ለሦስት ዓመት ከታዳጊዎች ጋር በየጠዋቱ ሜዳ ሲወጣ የኖረ ሰው ነበር። በ2024 በተጠናቀቀው የውድድር ዓመት ቡድኑ 34 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 28 አሸነፈ፣ 6 አቻ ወጣ፤ ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ።